የዌብ ፊድ ጥቅምና ጉድለት፦ ከገዳሪፍ ዜና አንጻር

በኢንተርኔት የሚወጣው ጽሑፍ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ሁሉንም ገጽ እየዞሩ መመልከት አድካሚ ነው። ይህን ድካም ለማቃለል ከተፈጠሩት መሣሪያዎች አንዱ ዌብ ፊድ ሲሆን፣ የታወቀው ዓይነቱ አር ኤስ ኤስ በ1991 ዓ.ም. በኔትስኬፕ ኩባንያ ተጀመረ። አሠራሩም ቀላል ነው። ድረ ገጹ የአዳዲስ ጽሑፎቹን አርእስት፣ አድራሻና ብዙውን ጊዜም ቀን የያዘ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ የአንባቢው ፕሮግራም ዝርዝሩን በየጊዜው እየፈተሸ አዲሱን ያመጣል።

የፊድ ትልቁ ጥቅም መራጩ አንባቢው ራሱ መሆኑ ነው። በማኅበራዊ መገናኛዎች ምን እንደምናነብ በአብዛኛው የሚወስንልን ኩባንያው ነው። በፊድ ግን የሚደርሰን እኛው የመረጥነው ምንጭ የጻፈው ነው። ይህ ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ፊድ «አዲስ» የሚለው አሁን የተጻፈውን እንጂ አሁን የሆነውን አይደለም። ለዚህ የገዳሪፍን ሁኔታ እንመልከት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸው ወገኖች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። እንግዲህ «ስደተኞች ድንበር ተሻገሩ» የሚል አርእስት ብቻውን ምን ይነግረናል? ከየት ወደ የት? መቼ? ቀኑም ቢኖር ብዙውን ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ 2020 የሚለውን ከእኛው 2013 ጋር ያላገናዘበ ተማሪ ይሳሳታል። ዘመዱን የሚፈልግ ወይም መንገድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከሆነማ ስሕተቱ ከፈተና ነጥብ በላይ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ጉድለት ዝምታ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በሰፊው ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲቋረጥ በቦታው ያለው ሰው አይጽፍም፤ ፊዱም ባዶ ይሆናል። ባዶ ፊድ ግን ሰላም ነው ማለት አይደለም። ዜና ያልመጣው ነገር ስላልሆነ ነው ወይስ ተናጋሪ ስለጠፋ? ይህን ጥያቄ መሣሪያው አይጠይቅልንም።

ስለዚህ ፊድን አንንቀፈው፤ አናምልከውም። እኛ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምዶች እናስምር፦ ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ ነገሩ መቼና የት ሆነ። ተማሪው አንድ ሳምንት የደረሱትን አርእስቶች በእነዚህ ዓምዶች ቢመዘግብ፣ ባዶ የሚቀረው ቦታ ከሞላው ይበልጥ ያስተምረዋል። ዜና ማምጣት የመሣሪያው ሥራ ነው፤ ማመሳከሩ ግን የአንባቢው ፈንታ ነው።