ሁለት ማይክ፣ አንድ ሰዓት

በገናን በቤቱ ኮምፒውተር ሊቀርጽ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ገመድ ነው። ዋጋው አይከብድም። ሁለት ማይክ ይሰካበታል፤ ሶፍትዌሩ «ስቴሪዮ» የሚል ትራክ ይከፍታል፤ ሁለት የሞገድ መስመሮችም ላይና ታች ሆነው መሮጥ ይጀምራሉ። ቀራጩ ደስ ይለዋል። መስመሮቹን አጉልቶ ቢያያቸው ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው።

ጥፋቱ የገመዱ ብቻ አይደለም። የብዙ ላፕቶፖች ነጠላ ቀዳዳ አራት መገናኛ አለው፦ ሁለቱ ለጆሮ ማዳመጫው ግራና ቀኝ፣ አንዱ ለጋራ መመለሻ፣ የቀረው አንዱ ደግሞ ለማይክ። ሁለተኛ ማይክ የሚገባበት መንገድ የለም። በዴስክቶፕ ጀርባ የሚገኘው ሮዝ ቀዳዳም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ መገናኛውን የሚያውለው ለማይኩ ኤሌክትሪክ ለመስጠት ነው።

ቀጣዩ ሙከራ ሁለት የዩኤስቢ ማይክ መግዛት ነው። ይሄኛው ይበልጥ ያሳስታል፤ መጀመሪያ ላይ የሠራ ይመስላልና። አዳሲቲ ዊንዶውስ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ በላይ ስለማይቀበል፣ አንዳንዱ ሁለት ፕሮግራም ከፍቶ ሁለት ፋይል ይቀርጽና ኋላ ጫፍና ጫፋቸውን ያገጣጥማል። ችግሩ እያንዳንዱ የዩኤስቢ ማይክ በሆዱ የራሱ ሰዓት ያለው መሆኑ ነው። ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ የሚለካው በዚያ ሰዓት ምት ሲሆን፣ የአንዱ አቆጣጠር ከሌላው ጋር በትክክል አይገጥምም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ቀረጻ 180 ሚሊ ሰከንድ ይሞላል። ለቃለ መጠይቅ ይህ በአርትዖት የሚስተካከል ነው። ለስቴሪዮ ግን አይሆንም፤ ከጎን የመጣ ድምፅ አንዱን ጆሮ ከሌላው የሚቀድምበት ጊዜ ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎልም ግራና ቀኝን ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይህች ቅንጣት ናት። ሁለቱ ሰዓቶች ይህችን ያህል ለመራራቅ 14 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ደርዳሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ መካከል ላይ የነበረው በገና ወደ አንዱ ግድግዳ ማዘንበል ይጀምራል። ማክ ላይ ሁለት መሣሪያዎችን አጣምሮ መዛባቱን የሚያርም ምርጫ አለ፤ ያግዛል፣ ግን ማስታመም ነው።

ፈውሱ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። ሁለቱም ማይኮች በአንድ ሰዓት ይለካሉ፤ ኮንደንሰር ከሆኑም የሚፈልጉትን 48 ቮልት ከዚያው ያገኛሉ። ቀረጻው 24 ቢት ከሆነ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢል ምንም አይጎድልበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቤት ኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን የስቴሪዮ ፓተንቱን ያስገባው በ1931 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ1934 በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ በቶማስ ቢቻም የተመራ ኦርኬስትራ ሞዛርትን ሲጫወት በስቴሪዮ ተቀርጿል። በስሙ የሚጠራው አቀማመጥ ሁለት ማይኮችን አንድ ነጥብ ላይ ደራርቦ በ90 ዲግሪ ያጠላልፋል። ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አብልጦ በሚቀበል ማይክ፣ በካርዲዮይድ፣ ሲሠራ ኤክስ ዋይ ይባላል። ድምፁ ሁለቱም ጋ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ግራና ቀኝን የሚለየው የጉልበት ልዩነት ብቻ ነው። የፈረንሳይ ሬዲዮ ባለሙያዎች ደግሞ ማይኮቹን በ17 ሴንቲ ሜትር አራርቀው በ110 ዲግሪ የሚከፍቱበትን፣ ኦአርቲኤፍ የሚባለውን አቀማመጥ አመጡ፤ እዚህ የጊዜ ልዩነትም ይጨመራል።

ለበገና የትኛው ይሻላል? በገና ደርዳሪው ራሱ ዘማሪ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዜማል፤ ከታች በኩል ደግሞ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ያንን የሚታወቅ ንዝረት ያወጣል። ይህን አይቶ አንዱን ማይክ ለአፉ፣ ሌላውን ለበገናው የሚሰጥ ቀራጭ ብዙ ነው። ነውር የለውም፤ ግን ሁለት ሞኖ እንጂ ስቴሪዮ አይደለም። አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ከገፋቸው የሰውየው አፍ በአንድ ግድግዳ፣ እጁ በሌላው ግድግዳ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቅጂ ሁለቱም መካከል ላይ ቢቀመጡ ይሻለዋል። ሰውየውን ከነክፍሉ ለመያዝ የፈለገ ኦአርቲኤፉን ከፊቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይትከል። ታዲያ የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናብም በስቴሪዮ ይገባል፤ ክረምት ላይ ቀረጻ የያዘ ይህን አይርሳ።

ቅጂው በስልክም ሊደመጥ ይችላል፤ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ስልክ ላይ ደግሞ ሁለቱ ቻናሎች ተደምረው ነው የሚሰሙት። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ ወደ አንዱ ማይክ የሚወስደው መንገድ ከሌላው በዚህን ያህል ከረዘመ፣ ሲደመሩ 500 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዜማውም ይሳሳል። ኤክስ ዋይ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ኦአርቲኤፍ ጥቂት ይጎዳል፤ በዘፈቀደ የተራራቁ ማይኮች ግን ክፉኛ ይቀጣሉ። ስለዚህ አንድ አጭር ሙከራ ቀርጾ፣ ሶፍትዌሩን ወደ ሞኖ ቀይሮ ማድመጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ደርዳሪው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ማይክ ማንቀሳቀስ ገና ሲቻል ነው።