ስለ ካውቦይ ፊልምና ስለ ሰናድር

በ1939 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «ስቴጅኮች» ፊልም፣ ጆን ዌይን በአንድ እጁ አሽከርክሮ የሚያጎርሰው ዊንቸስተር የ1892 ሥሪት ነው። መንገደኞቹ የሚፈሩት ጀሮኒሞ ግን እጁን የሰጠው በ1886 ነበር። ፊልሙ ያምራል፤ ሁለት ጊዜ አይተነዋል። ስሕተቱንም ብዙዎች ንቀው ያልፉታል።

እኛ የወገል ጤና ልጆች ግን እንዲህ ያለውን ነገር መናቅ ይቸግረናል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከበሽሎ ማዶ በእሮጌ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ወረደ። ባሩዱን አፍስሶ፣ እርሳሱን ጨምሮ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪተኩስ ድረስ፣ እንግሊዙ ሰናድሩን ከበስተኋላው እያጎረሰ ደጋግሞ ይተኩስበታል። ሮኬትም ነበረው። በእንግሊዞች ግምት ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእነርሱ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው።

ይህን ጦርነት በፊልም የሚያነሣ ሰው ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ምንሽር ቢያድል፣ የእነዚያ ሰዎች አሟሟት የፍርሃት ወይም የስንፍና ይመስላል። ተዋናይ ባሩድ ሲያፈስ ማሳየት ጊዜ ይፈጃል ይባል ይሆናል፤ የእኛ አሳብ ካሜራው እዚያው ላይ ይቆይ ነው።