ከከበሮው አስቀድሞ

በማንኩሳ ዜማ ሳስተምር ከሐሳቤ የማይለዩት የሙዚቃ ደራሲ ከማኅሌታችን ወጥተው የተነሡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የሆኑት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፣ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ድርሰታቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ አሰሙ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መስክ ልጅ ከሸምበቆ ቆርጦ የሚነፋው ዜማ በአምስት ድምፅ የተዋቀረ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሀንጋሪ የሙዚቃ ደራስያን ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ በየመንደሩ ዞረው የሰበሰቡት የአገራቸው ገበሬ ጥንታዊ ዘፈንም እንዲሁ ነውና፣ የእኛ እረኛ ለዚያ አገር ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ደራሲው በኋላ በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ይዘው ሲያስተምሩና ሲጽፉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1998 ዐረፉ።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን የኮዳይ የማስተማር ሥርዓት ነው፤ ሕፃኑ መሣሪያ ከመንካቱ አስቀድሞ በማኅበር እየዘመረ ጆሮውን ያንጽ ዘንድ ያዝዛልና። የአብነት ትምህርት ቤታችንም ከጥንት ጀምሮ የኖረው በዚሁ ነው። ተማሪው የዜማ ምልክቶቹን፣ ድፋቱንና ሂደቱን፣ ቁርጡንና ርክርኩን፣ በጉሮሮው ካልለየ፣ ምልክቱን በብራና ላይ ቢያየው አንዳች አይረባውም። ማኅሌቱም ራሱ ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ ቁሙ፣ ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜው፣ ከዚያም በኋላ ከበሮና ጸናጽሉ ይገባል። ዛሬ ወጣቶቹ ቁሙን አጣድፈው ወደ ከበሮው ሲሮጡ ሳይ እጅግ አዝናለሁ፤ ከበሮ ያልበሰለ ድምፅ መሸሸጊያ ነውና። ቁም ላይ ግን መሸሸጊያ የለም፤ የቀኙ ወገን ለግራው ሲያቀብል አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሌላው ካልያዘለት፣ ስንጥቁ ለቅኔ ማኅሌቱ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ደቀ መዛሙርቴን በቁሙ ላይ አቆያቸዋለሁ፤ ቢሰለቹም እንኳ አልለቃቸውም።

የያሬድን ዜማ እንደ አውሮፓ መዘምራን ድምፅ በድምፅ ላይ ደርቦ መድረስ ይገባልን ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግእዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን፣ ያለ ከበሮ በአንድ ትንፋሽ የሚያደርስ ማኅበር ዘንድ መጥቶ ክረምቱን በትዕግሥት የሚሰማ ደራሲ ቢገኝ፣ እኔ በሩን አልዘጋበትም።