ተረት ይመለስልን ብለው ስለ ጮኹ ሰዎች

ሰው አቤት የሚለው ርስቱ ሲወሰድበት፣ ልጁ ሲታሰርበት ወይም ደመወዙ ሲቀርበት ነው። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በ1967 መጨረሻና በ1968 መጀመሪያ (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ደብዳቤ ለአንድ የቴሌቪዥን ድርጅት የተጻፈው ርስት ስለ ተወሰደ አይደለም። በጠፈር ላይ ስለሚጓዝ አንድ መርከብ የሚተርክ ልብ ወለድ ሊቋረጥ ነው ስለ ተባለ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ በዚያ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ሲሆን፣ ስሰማው ሳቅሁ። ፊልሙን ልኮልኝ ካየሁትና ነገሩን እየተከታተልሁ ካነበብሁ በኋላ ግን ሳቄ እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ ይህን የምጽፈው እነዚያን ሰዎች ለማመስገንም ለመውቀስም የሚያበቃ ነገር ስላገኘሁባቸው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጂን ሮደንቤሪ የሚባል፣ አስቀድሞ አውሮፕላን ነጂ፣ ቀጥሎም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረ ደራሲ «ስታር ትሬክ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ፈጠረ፤ ኤን ቢ ሲ የተባለውም ድርጅት ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ጀምሮ በየሳምንቱ ያሳየው ጀመር። በመርከቡ ላይ ነጩ፣ ጥቁሯ፣ እስያዊውና በኋላም ሩሲያዊው አብረው ይሠራሉ፤ ይህም አሜሪካና ሩሲያ በአቶሚክ ቦምብ በሚፈራሩበት ዘመን ነው። የጥቁሯ መኮንን ስም ኡሁራ ይባላል፤ ነፃነት ማለት ከሆነው «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የወጣ ነው። ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትተው አስባ ሳለ፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት እንዳትለቅ እንደ መከሯት ራስዋ ደጋግማ ተናግራለች። እንግዲህ ተረቱ ተራ ተረት አልነበረም። ሆኖም ጭምብል የለበሰ ሰው ከካርቶን ድንጋይ ኋላ ሲዘል በማይ ጊዜ ዛሬም ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን የሚኖረው ከማስታወቂያ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ሳሙና ሻጩና መኪና ሻጩ የሚከፍሉት ስንት ሰው አየ ተብሎ በሚቈጠረው ልክ ሲሆን፣ ቈጠራውም በጥቂት ቤቶች ከሚገኘው መረጃ የአገሩን ሁሉ በመገመት ነው። በዚህ ሚዛን ስታር ትሬክ ቀልሎ ተገኘ። አንድ ሰው ነገሩን ከልቡ ቢወደውም፣ እራቱን እየበላ በግማሽ ዐይኑ ቢያየውም፣ በሚዛኑ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የደብዳቤው ዘመቻ ትልቁ ብልሃት ይህን ማስተዋሉ ላይ ነው። ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴትና ባለቤቷ ጆን በማባዣ መኪና ያባዙትን ምክር ለሚያውቋቸው ሁሉ ላኩ፤ እያንዳንዱ ሰው ለዐሥር ሰው እንዲነግር፣ ዐሥሩም እያንዳንዳቸው ለሌላ ዐሥር እንዲነግሩ አደረጉ። በጃንዋሪ 1968 ደግሞ ካልቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ወደ ድርጅቱ ሕንፃ በሰልፍ ሄዱ። ድርጅቱ የቈጠረው ደብዳቤ 116 ሺህ ያህል ነው፤ የፊልሙ ወዳጆች ግን እስከ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል። እኔ ድርጅቱን አምናለሁ፤ አፍቃሪ ሲቈጥር ያበዛልና።

በማርች 1 ቀን 1968 ማታ የዕለቱ ክፍል እንዳለቀ ተናጋሪው በድምፅ ብቻ ቀርቦ ፊልሙ በሚመጣውም ዓመት እንደሚቀጥል ለሕዝቡ አስታወቀ። ነገሩ ደብዳቤ መጻፉን ተዉልን ማለት ነበር። ሰዎቹ ግን አልተዉም፤ ይህን ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ያጐርፉ ጀመር። ይህን ሳነብ፣ በአስተማሪነት ዘመኔ የጠየቀውን ያገኘ ተማሪ ስንት ጊዜ ተመልሶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንዳለኝ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። የለመኑት ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ምን ተሰጣቸው? ለሦስተኛው ዓመት በመጀመሪያ የታሰበው ቀን ሰኞ ከምሽቱ (በእኛ ሰዓት) 1 ሰዓት ተኩል ነበር። የኋላ ኋላ የተመደበለት ግን ዓርብ ሌሊት 4 ሰዓት ነው፤ ፊልሙን የሚወዱት ወጣቶች ከቤት ወጥተው የሚያመሹበት ሌሊት መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚወጣው ገንዘብ ተቀነሰ። ሮደንቤሪ ተቈጥቶ ከዕለት ሥራው ራሱን አራቀ፤ ፍሬድ ፍራይበርገር የተባለ ሌላ አዘጋጅም ተተካ። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ክፍል የመርከቡ ሁለተኛ ሹም አንጎሉ ተሰርቆ ጓደኞቹ ፍለጋ ስለ መውጣታቸው የሚተርክ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እኔ ያን ክፍል እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፤ የዚያን ዓመት ሥራ ለመተቸት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ራሴ ብፈልግም አላገኝም ነበር። አካሉ ይራመዳል፤ አንጎሉ ግን የለም። አቤት የተባለበት ሹም ፍርዱን ሳይሽር አፈጻጸሙን ብቻ ማበላሸት እንደሚችል ባለጉዳይ ሆኖ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። የመጨረሻው ክፍል በጁን 3 ቀን 1969 ታየ፤ ሰው ጨረቃን የረገጠው ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው።

ታዲያ ደብዳቤው ሁሉ ከንቱ ነበርን? እንዲህ ብዬ ልደመድም ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ሁለት ነገሮች ከለከሉኝ። አንደኛው፣ በዚያው በተናቀው ዓመት፣ በኖቬምበር 22 ቀን 1968፣ ኡሁራና ነጩ የመርከብ አዛዥ ሲሳሳሙ መታየቱ ነው፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ነጭና ጥቁር ሲሳሳሙ ከታየባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዶክተር ኪንግ ከተገደሉ ስምንት ወር አልሞላም ነበር። ሁለተኛው የሒሳብ ነገር ነው። ሦስተኛው ዓመት ሲጨመር ክፍሎቹ 79 ደረሱ፤ ይህም ቁጥር ትንንሾቹ የየከተማው ጣቢያዎች ፊልሙን ገዝተው በየቀኑ ደጋግመው ለማሳየት በቂ ሆነ። በመጀመሪያው ዘመን ያላዩት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አዩት። በጃንዋሪ 1972 በኒው ዮርክ በተደረገው ስብሰባ፣ ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ሰው መጣ። በ1979 ትልቁ ፊልም፣ በ1987 ደግሞ አዲሱ ተከታታይ ተሠራ። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ይህን አስበው አልነበረም፤ የለመኑት ለሚቀጥለው ሳምንት ብቻ ነበር።

አንድ ጥቁር ነጥብ ግን አለ፤ ባልናገረው ሕሊናዬ አያርፍም። ከሮደንቤሪ ጋር የሠሩት ኸርበርት ሶሎና ሮበርት ጀስትማን በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ከሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ የተነሣ የመሰለውን ጩኸት ሮደንቤሪ ራሱ ከበስተኋላ ሆኖ ያበረታታና ይረዳ ነበር፤ ለድርጅቱ ሰዎች ግን እጄ የለበትም ይል ነበር። ተማሪዬ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ ፊልሙ የሱ አይደለም እንዴ? ለልጁ የማይጮህ አባት አለ?» አለኝ። አባት ለልጁ መጮሁን አልነቅፍም። የምነቅፈው በጎረቤት ድምፅ መጮሁን ነው። ደብዳቤ ጸሐፊዋ ሴት በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ልቧ እውነተኛ ነበር፤ የደብዳቤዋን እውነት ይህ አልሻረውም። ይሁን እንጂ የዛሬዎቹ የፊልም ኩባንያዎች የወዳጆቻቸውን ጩኸት እንደ ነፃ ማስታወቂያ እየቈጠሩ፣ አንዱን ተከታታይ ሊቋረጥ ነው በማለት ሌላውን ሊመለስ ነው በማለት ሲነግዱበት ሳይ፣ ትምህርቱ የተጀመረው ወዴት እንደ ሆነ አውቃለሁ።

በ1976 ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለፕሬዚዳንት ፎርድ ጻፉና «ኮንስቲትዩሽን» ልትባል የነበረችው የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኰራኵር በተረቱ መርከብ ስም «ኢንተርፕራይዝ» ተባለች። መንኰራኵሯ ለሙከራ በአየር ላይ ተንሳፈፈች እንጂ ጠፈር ሳትደርስ ቀረች፤ ከ2012 ጀምሮም በኒው ዮርክ ሙዚየም ተቀምጣለች። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያሻም።

የእንግሊዞቹን ነገር ግን ማለፍ አልችልም። ቢቢሲ በኖቬምበር 1963 የጀመረው «ዶክተር ሁ» የተባለ የልጆችና የአዋቂዎች ተከታታይ አላቸው፤ በ1985 ለብዙ ወር ይቋረጣል ሲባል ወዳጆቹ የአቤቱታ ዘፈን እስከ ማሳተም ደረሱ። ዘፈኑን ራሳቸው ዛሬ ያፍሩበታል ይባላል። በ1989 ፈጽሞ ቆመ። በ2005 ሲመለስ የመለሰው ጩኸት አልነበረም፤ በልጅነቱ ሲያየው ያደገ ራስል ዴቪስ የተባለ ደራሲ አድጎ፣ ሙያውን ተምሮ፣ ራሱ ጻፈው። ይህ አንድ ነው። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። ቢቢሲ ቴፕ ለመቈጠብና ቦታ ለማስለቀቅ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብዙ ክፍሎች አጥፍቷቸው ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን አንዳንድ ልጆች የቴፕ መቅረጫቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው ድምፁን ቀርጸው ነበርና፣ ሥዕሉ የጠፋው ክፍል ሁሉ ድምፁ ተርፏል። በ2013 ደግሞ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄሪያ መገኘታቸው ተነገረ፤ እንግሊዝ የጣለችው አፍሪካ ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። እነዚያ ልጆች ለማንም አልጻፉም፤ ሰልፍም አልወጡም። እናታቸው ድስት እንዳታንኳኳ እየለመኑ ተቀምጠው ቀረጹ።

ይህ ለምን እንደ ነካኝ ልናገር። በእኛ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ቅዳሜ ማታ ማታ አንድ መምህራችን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የባሕር ጉዞ ታሪክ ያነቡልን ነበር፤ እንግሊዝኛውን በዐይናቸው እያዩ ከአፋቸው የሚወጣው አማርኛ ነው፤ ያን የመሰለ አማርኛ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። አዲስ አስተዳዳሪ መጡና የፋኖሱ ጋዝ ያለ ጥቅም ያልቃል ብለው ንባቡን አስቆሙት። እኛም አቤቱታ ጻፍን፤ የእጅ ጽሕፈቴ መልካም ስለ ነበረ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አርባ ሦስት ልጆች ፈረሙበት። ተፈቀደልን። የተፈቀደው ግን ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ፣ በሌላ አንባቢ፣ ያለ ትርጓሜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ እኔም፣ አቤቱታውን የጻፍሁት ማለቴ ነው፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። መምህራችን በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ።

ወረቀት ነበረን፤ ቀለምም ነበረን። ከአርባ ሦስታችን አንዱ እንኳ በእነዚያ ቅዳሜዎች መምህራችን ሲናገሩ አጠገባቸው ተቀምጦ አልጻፈም። ባለፈው ዓመት ከፈራሚዎቹ መካከል ሦስቱን ፈልጌ አገኘሁና ስለ ታሪኩ ጠየቅኋቸው። አንዱ መርከቡ እንደ ሰጠመ ነገረኝ፤ ሁለተኛው አልሰጠመም አለ፤ ሦስተኛው ያስታወሰው የፋኖሱን ሽታ ብቻ ነው።