ቃለ ጉባኤን ማን ያነበዋል? ስለ ሆሳዕናና ስለ ሐዲያና ከምባታ ከተሞች የተጻፈው ሲመረመር

የሐዲያንና የከምባታን ሕዝብ ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው የጀርመናዊውን የኡልሪሽ ብራውኬምፐርን ሁለት መጻሕፍት ነው። ስለ ሐዲያ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ስለ ከምባታ የጻፈው ደግሞ በ1983 በጀርመንኛ ታተሙ፤ የሐዲያውም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። ደራሲው ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበው የትውልድ ቈጠራ፣ የጎሣዎች ፍልሰት፣ የጋራዶች ዘመን ወሬና የፋንዳናኖ እምነት ዛሬ ማንም ቢደክም እንደገና ሊሰበስበው የማይችለው ነው። በዚህ ረገድ የሚቀርብ ነቀፌታ ሁሉ ከምስጋና በኋላ ሊመጣ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ሰው የሆሳዕና ከተማ ከሳምንት እስከ ሳምንት በምን ዓይነት ሥራ ትተዳደር እንደ ነበረ ሊናገር አይችልም። ከተማይቱ ዋቸሞ በሚባለው ስፍራ መቈርቈሯ፣ ስሟንም በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ከሆሳዕና በዓል ማግኘቷ በአገሬው ዘንድ ተደጋግሞ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ዝም የተባለ ነው። ደራሲን ባልጻፈው መጽሐፍ መውቀስ ደግ አይደለም፤ ብራውኬምፐርም ስለ ማዘጋጃ ቤት ለመጻፍ አልተነሣም። ጥፋቱ በተከታዮቹ ላይ ነው፤ እርሱ ያላነሣውን ነገር እንደሌለ ቈጥረውታልና። የከተማ ታሪክ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ክፍተቱን አልሞሉትም። የሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1985 በሁለት ክፍል ወጥቶ ብዙ ብርሃን የሰጠ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚያቆመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። እንግዲህ የባህል አጥኚው ከከተማይቱ በር ላይ ሲመለስ፣ የታሪክ ጸሐፊው ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ላይ ሲመለስ፣ በሁለቱ መካከል ወድቆ የቀረው የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ነው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች የየአገራቸውን የጋብቻና የለቅሶ ልማድ እንዲጽፉ ባደረገ ጊዜ የዚህ ልማድ መሠረት አብሮ ተጣለ ማለት ይቻላል። ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ከአውቶቡስ የሚወርደው በከተማ ነው፤ ወላጆቹ ስለ ቦታ ጉዳይ ደጅ የሚጠኑትም በከተማ ነው፤ የሚጽፈው ግን ስለ ገጠሩ ነው። ከተማው «ልማድ» ያለው ሆኖ አልታየውም።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። የማዘጋጃ ቤቶች ሥራ በሕግ የተደነገገው በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። አዋጁ ከተሞችን በደረጃ ለይቶ አዲስ አበባንና ጎንደርን ከፊት ሲያቆም፣ ለሌሎቹም ንብረት መመዝገብን፣ መንገድን፣ ብርሃንን፣ ውኃን፣ ጽዳትንና ቄራን የመሳሰለውን ሥራ ሰጣቸው። በዚያን ጊዜ ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታ አውራጃ ዋና ከተማ ስለ ነበረች የማዘጋጃ ቤቷ ሹም ከአውራጃው ገዥ ጥላ ሥር የሚሠራ፣ በጀቱንም በአገር ግዛት ሚኒስቴር የሚያስጸድቅ ነበር። በሕዝብ ስም ለማዘጋጃ ቤት ምክር የሚቀመጡትም በከተማው ቤትና ቦታ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ አንድ ሐረግ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በደቡብ የተቈረቈሩት ከተሞች በመነሻቸው የጦር ሰፈር በመሆናቸው የከተማ ቦታ ባለቤት የነበረው በአብዛኛው ከሰሜን የመጣው ወታደርና ቤተ ሰቡ፣ ነጋዴው፣ ካህኑም ነበር፤ በሳምንቱ ገበያ ከተማውን የሚሞላው ሐዲያና ከምባታ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚገናኘው ቀረጥ ከፋይ ሆኖ ነው።

ቃለ ጉባኤ የሚባለው ጽሑፍ በመልኩ ደረቅ ነው። ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ የተገኙና ያልተገኙ ይዘረዘራሉ፤ የመነጋገሪያው ርእስ ይቈጠራል፤ ከዚያም «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» በሚል አንድ ሐረግ ክርክሩ ሁሉ ይዋጥና ውሳኔው ይከተላል፤ ፊርማና ማኅተም ይዘጋዋል። ብዙ አንባቢ በዚህ ድርቀት ተሰላችቶ ይተወዋል፤ ጥቂቶች ደግሞ ከልብ አምነው ውሳኔውን እንደ ተፈጸመ ነገር ይጠቅሱታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ቃለ ጉባኤ የሚነግረን የሆነውን ሳይሆን የተጻፈውን ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም ተመልሶ የሚመጣው ርእስ ነው። የአንድ መንገድ ጥርጊያ ወይም የአንድ አጥር መፍረስ በተከታታይ ዓመታት «ተወሰነ» ተብሎ ደጋግሞ ቢገኝ፣ መዝገቡ የሚመሰክረው ስለ መወሰኑ አይደለም፤ ትእዛዙን ያልተቀበለ አንድ ሰፈር እንደ ነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። መዝገቡ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ በገበያው፣ በቄራው በር፣ በድንበር ክርክሩ ላይ የተነገረው ግን ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ሌላም ቋንቋ ነበር። ጸሐፊው ሰምቶ፣ ወይም አስተርጓሚ አቁሞ፣ ወደ መሥሪያ ቤት አማርኛ መልሶታል። ስለዚህ በሐዲያ ዘንድ ሴራ ተብሎ የሚታወቀው ሥርዐትና ስምምነት፣ በሽማግሌዎች ፊት የተሰጠው ቃል፣ መሐላውም ጭምር በመዝገቡ ላይ «በአገር ሽማግሌ ተስማሙ» ከሚል ሦስት ቃል በላይ ቦታ አያገኝም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሥርዐት፣ ምናልባትም በዛፍ ጥላ ሥር ጨርሰውት ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚመዘግበው ውጤቱን ነው። አጥኚው ከዛፉ ጥላ ሥር ብቻ ቢቀመጥ ከተማው ነገሩን እንዴት እንደ ተቀበለው አያውቅም፤ በመዝገቡ ላይ ብቻ ቢደፋ ደግሞ ዛፉ እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ባሕር ጠረፍ ያለችው የአበርዲን ከተማ የምክር ቤት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1398 ጀምሮ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች የተጻፉት በላቲንና በአገሩ ቋንቋ በስኮትኛ ተደባልቆ ነው። የዓሣ ነጋዴው ስድብ፣ የጎረቤት ክርክር፣ የዳቦ ሚዛን የመሰለውን ተራ ጉዳይ ሊቃውንቱ ዛሬ እንደ ውድ ነገር ይመረምሩታል፤ በተለይም ጸሐፊው ከላቲን ወደ አገሩ ቋንቋ የተሻገረበት ቦታ ላይ ብዙ ይቈያሉ። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ መዝገብ ውስጥ የሐዲይኛ ወይም የከምባትኛ ቃል አማርኛ ሳይገኝለት በግዕዝ ፊደል እንዳለ ተጽፎ ቢገኝ፣ ያ ቃል እንደዚሁ ሊቈይበት የሚገባ ነው።

ከመነጋገሪያ ርእሶች ሁሉ ጥልቅ የሆነው የቦታ ጉዳይ ነው። በዚህ አገር ቤት ማለት እንሰት ነው። ከጓሮው የቆመው ተክል በየዕድሜው ተደርድሮ፣ እየተነቀለ እየተተከለ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በደጋው ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ጓሮው የዘንድሮ አዝመራ ብቻ ሳይሆን የሚመጡት ዓመታት ጎተራ ነው። ከተማው ሲሰፋ ግን ቀያሹ የሚያየው ርዝመትና ስፋት ነው። አንድ ቤተ ሰብ ለስድስት ዓመት ያሳደገው ምግብ በወረቀቱ ላይ በካሬ ሜትር ይለወጣል። ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ተቸግሯል። የካሣውን አከፋፈል የወሰነው የ1999 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 135 በአዝመራና በቋሚ ተክል መካከል ይለይ ነበር፤ እንሰት ግን እንደ ቋሚ ተክል ብዙ ዓመት ኖሮ፣ እንደ አዝመራ አንድ ጊዜ ከነሥሩ ተነቅሎ የሚበላ ነውና ከሁለቱ በአንዱ ቢመደብ የግዴታ ይጎድላል። የቡና ዛፍ ዘንድሮ ቢለቀም ለከርሞ ያፈራል፤ እንሰት እንዲህ አይደለም። የከምባታ ገጠር በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ስፍራዎች አንዱ መሆኑ ሲታሰብ፣ «ምትክ ቦታ ይሰጠው» የሚለው ተራ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይታያል። በቈጠራ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ31 ሺህ ጥቂት በላይ የነበረው የሆሳዕና ሕዝብ በ2007 ወደ 70 ሺህ ደርሶ ነበር፤ የዚያ ሁሉ ቤት መቆሚያ በአብዛኛው የእንሰት ጓሮ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለ እንሰት ባህል የተጻፈው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ እንሰቱ እንዴት ወደ ከተማ ቦታ እንደ ተለወጠ የሚናገረው ግን የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ነው፤ እርሱንም ያነበበው የለም።

የገበያውም ነገር እንዲሁ ነው። እንሰትን ፍቆ፣ ቀብሮ፣ ዋሳ ማድረስ የሴቶች ሥራ ነው፤ ቅቤውንም ወደ ገበያ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። በየመደቡ የሚሰበሰበው ሳንቲም ከእነሱ እጅ የሚወጣ ሲሆን፣ በቃለ ጉባኤው ግን «የገበያ ገቢ» በሚል አንድ መሥመር ይጠቃለላል። ስማቸው በተገኙትም ሆነ ባልተገኙት ዝርዝር ውስጥ የለም። የቄራውም ርእስ ለላይኛ አንባቢ የንጽሕና ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ክርስቲያኑና እስላሙ እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ያረደውን ብቻ በሚበላበት አገር፣ በተለይም እስላሙ በሚበዛበት በአላባ ቁሊቶ፣ ማረጃውን ማን ይያዝ፣ ቢላዋውን ማን ያንሣ የሚለው የሃይማኖቶች ጉርብትና ጉዳይ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የመዝገቡም ጠባይ ተለወጠ። ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ እስከ 100 ብር የሚደርሰውን የቤት ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌ ሆነ። የባለንብረቶች ምክር የቀበሌ ስብሰባ ሆነ፤ «ክቡር» የሚለው አጠራር «ጓድ» ሆነ፤ የተሰብሳቢውም ስም ዝርዝር በድንገት ረዘመ። ለአጥኚ ይህ የስም ዝርዝር ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል፤ የትውልድ ቈጠራውን ከብራውኬምፐር መጽሐፍ ወስዶ ከዝርዝሩ ጋር ቢያስተያይ፣ ከየትኛው ጎሣ ማን መቼ ከተሜ እንደ ሆነ መከተል ይችላልና። ሁለቱ ዓይነት ጥናት ሊጋቡ የሚችሉትም በዚህ ስፍራ ነው።

መዝገቡ ግን እስከዚያ መቈየት አለበት። አንዱ አውራጃ በኋላ ለሐዲያና ለከምባታ ዞኖች ተከፍሎ ሆሳዕና የአንዱ፣ ዱራሜ የሌላው ዋና ከተማ ሲሆኑ፣ አላባም የራሱን አስተዳደር ሲይዝ፣ የጋራው መዝገብ ባለቤት የትኛው እንደሆነ ጥያቄ ይነሣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን ለአዳዲስ መሥሪያ ቤቶች ክፍል ማስለቀቅ ግድ ሆነ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ ከመደርደሪያ የሚወርደው ማንም የማይጠይቀው አሮጌ ፋይል ነው። በፍርድ ቤት የሚፈለገው የይዞታ ማስረጃ ይጠበቃል፤ ቃለ ጉባኤውን ግን ጠበቃም አይፈልገውም።

ከወረቀቱም ቀድመው የሚያልፉ አሉ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በእነዚህ ማዘጋጃ ቤቶች ቃለ ጉባኤ ይጽፉ የነበሩት ሰዎች፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ናቸው። የመዝገቡን ቃል እነሱ ያውቁታል። የሚጠየቁትም ስለ ጎሣ አመጣጥ አይደለም፤ ያን ጥያቄ ሌሎች ጠይቀውታል። የሚጠየቁት «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» ብለው በጻፉበት ቀን ማን እንደ ተናገረ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ፣ ከአፉም ከወጣው ውስጥ የትኛውን ሳይጽፉት እንደ ቀሩ ነው።