ብረት ለቃሚው

እኛ ብረትን የምናውቀው ሲጎድል ነው። ነፍሰ ጡር ደም አነሳት ሲባል የብረት እንክብል ይታዘዝላታል፤ ጎረቤት ደግሞ ቀይ ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ይመክራታል። ብረት በዝቶ ሰው ይገድላል ቢባል ብዙዎቻችን ጆሯችንን እንጠራጠራለን። ታላሴሚያ በሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በቆጵሮስ ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ የሕመሙ ተሸካሚ ነው፤ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ልጅ በቂ ደም መሥራት ስለማይችል በየሁለት እስከ አምስት ሳምንቱ የሌላ ሰው ደም እየተሰጠው ያድጋል።

አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነት በቀን የሚወጣለት 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ትርፉን የሚያስወግድበት መንገድ አልተፈጠረለትም። በዓመት 30 ከረጢት የሚወስድ ሰው ቢያንስ 6 ግራም ብረት ይጨመርበታል፤ የጤነኛ ሰው ጠቅላላ ብረት ደግሞ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ትርፉ በጉበት፣ በቆሽት፣ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢና በልብ ጡንቻ ውስጥ ይከማቻል። ልጁ እድገቱ ይቆማል፣ ስኳር ይይዘዋል፣ በመጨረሻም ልቡ ይደክማል። ደም ቀድቶ ማውጣት መፍትሔ አይሆንም፤ ያለው ደም መቼ በቃውና!

ስለዚህ ብረቱን ለይቶ የሚለቅም ነገር ያስፈልጋል፤ ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለውን የማይነካ፣ ካልሲየምና ዚንክ የማይነጥቅ፣ የተረፈውን ብቻ ይዞ የሚወጣ። እንዲህ ያለውን ዕቃ አስቀድሞ የሠራው ስትሬፕቶማይሲስ ፒሎሰስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። አፈር ውስጥ ብረት ሞልቷል፤ ግን አየር ስለሚያገኘው ዝጎ በውሃ አይሟሟም። ባክቴሪያው ብረት ሲያጥረው አንድ ረጅም ሞሎኪውል ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቃል፤ እሱም ብረቱን ከዝገቱ አላቆ ይይዝለታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የባዝሉ ሲባ ኩባንያና የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ቭላድሚር ፕሬሎግም አንዱ ነበር፣ አንቲባዮቲክ ሲያስሱ ብረት የያዘውን ይህን ሞሎኪውል አገኙት። ብረቱን አወጡለትና ባዶውን አስቀሩት። ዴፈሮክሳሚን ተባለ፤ የገበያ ስሙ ዴስፈራል ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ሞሎኪውሉ ቀጭን ሰንሰለት ነው፤ በላዩ ላይ በተመጠነ ርቀት ሦስት መያዣዎች አሉት። እያንዳንዱ መያዣ ሁለት ሁለት ኦክስጅን ያቀርባል፤ በድምሩ ስድስት። ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት በዙሪያው የሚፈልገውም ልክ ስድስት ነው። ሰንሰለቱ ይጠመጠምና፣ እናት ሕፃኗን በአንቀልባ እንደምታዝል፣ ብረቱን ከየአቅጣጫው አጥብቆ ይሸከመዋል። በመያዣዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጠር ቢል ሰንሰለቱ ዞሮ አይደርስም፤ ረዘም ቢል ይላላል። ስድስቱም ቦታ ስለተያዘ ብረቱ አካባቢውን የሚያቃጥልበት ክፍት ጎን አይቀርለትም። በእኔ ዓይን የሥራው ቁንጮ ይህ ነው፤ የያዘውን አፉን ዘግቶ ነው የሚወስደው። መራጭነቱም ያስገርማል። ብረትን የመያዝ ኃይሉ በኬሚስቶች ልኬት 1 ተጽፎ 31 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው፤ ለካልሲየም ሲሆን 1ን የሚከተሏት ሁለት ዜሮዎች ብቻ ናቸው።

እንከንም አለበት። የርሲኒያ የተባለች የአንጀት ባክቴሪያ በዴስፈራል የተያዘውን ብረት ለራሷ ልታውለው ትችላለች፤ ስለዚህ ታካሚው ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሲይዘው መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል። ለባክቴሪያ የተሠራ ዕቃ ወገኑን አልረሳም ማለት ነው።

የሰው ብልሃት የገባው ጊዜውን በመቀመር ላይ ነው። ዴስፈራልን አንጀት አይቀበለውም፤ በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ግማሹ ከደም ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። 100 ሚሊ ግራሙ ቢበዛ 8.5 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል፤ በተግባር ከዚያም ያነሰ። ለመያዝ የተጋለጠው ብረት በማንኛውም ቅጽበት ጥቂት ነው፤ ያረጁ ቀይ ሕዋሳት ሲፈርሱና ጉበት ካከማቸው ሲለቅ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። በአንድ ጊዜ የተወጋ መድኃኒት አብዛኛው የሚይዘው አጥቶ በሽንት ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቦስተንና የለንደን ሐኪሞች አዘግይቶ መስጠትን መረጡ፤ ትንሽ ፓምፕ፣ ከሆድ ቆዳ ሥር የገባች ቀጭን መርፌ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሌሊት።

የሌሊቱ ሥራ ብዙውን ጊዜ የእናት ነበር። 500 ሚሊ ግራም ዱቄት ባለበት ብልቃጥ 5 ሲሲ ንጹሕ የመርፌ ውሃ ትጨምራለች፤ ፈሳሹ እስኪጠራ ብልቃጡን ታዞራለች። ካወፈረችው ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል። የትናንቱን ቦታ ትታ ሌላ ትፈልጋለች፤ ልጁ ተኝቶ ሲገላበጥ መርፌዋ እንዳትነቀል በፕላስተር ታጣብቃለች። ሌሊቱን ምን ያህል እንደተለቀመ ጠዋት ሽንቱ ይናገራል፤ ቀላ ካለ ብረት ወጥቷል። ይህን ለዓመታት ሳያቋርጥ ያስኬደ ቤተሰብ ከፋብሪካው እኩል ባለሙያ ነው እላለሁ።

ከመጠን ማለፍም ያስቀጣል። የሰውነት ብረት እየቀነሰ መድኃኒቱ ካልቀነሰ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መስማት ይሳነዋል፣ ዓይንም ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች በኪሎ የሚደርሰውን አማካይ የቀን መጠን የብረት ክምችትን በሚጠቁመው የደም ፌሪቲን ቁጥር ያካፍሉና ከ0.025 እንዳይበልጥ ይጠብቃሉ። ፌሪቲንም ብቻውን አይታመንም፤ ዝቅ ብሎ እየታየ ልብ ውስጥ ብረት ሊኖር ይችላል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 የለንደኑ ሮያል ብሮምፕተን ሐኪሞች ቲ ቱ ስታር የተባለውን የኤምአርአይ ልኬት አቀረቡ። ብረት የማግኔቱን ምልክት ቶሎ ያጠፋዋል፤ ምልክቱ የሚቆይበት ልኬት ከ20 ሚሊ ሰከንድ ካነሰ ልብ ውስጥ ብረት አለ፣ ከ10 ካነሰ አደጋው ቅርብ ነው።

የሚዋጡት መድኃኒቶች በኋላ መጡ። ዴፈሪፕሮን ትንሽ ነው፤ አንዱን ብረት ለመክበብ ሦስት ሞሎኪውል ይፈልጋል፣ ግን ልብ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ነጭ የደም ሕዋስን በድንገት ሊያወርድ ስለሚችል የደም ምርመራው አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የተፈቀደው ዴፈራሲሮክስ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ብረቱን ይዞ በሰገራ ይወጣል፤ ኩላሊትና ጉበትን ግን መከታተል ግድ ነው። ለታካሚ ከመርፌ እንክብል ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። በሥራ ጥራት ከሆነ ግን ብልጫውን ለአሮጌው እሰጣለሁ። ልቡ በብረት ተጨናንቆ የደከመ ታካሚ ሲመጣ ሐኪሞች ዛሬም ዴስፈራልን በደም ሥር ለ24 ሰዓት ሳያቋርጡ ያንጠባጥቡለታል፤ ዴፈሪፕሮንንም ይደርቡለታል።