የተዋናይነትና የመድረክ ንድፍ ትምህርት፤ ድሬዳዋን መነሻ በማድረግ

ትያትር በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም የሚቀበሉት ጥበብ መሆኑን የማይናገር መምህር የለም። ዳሩ ግን በአገራችን ስለ ታዩት ትያትሮች የተጻፈውን ሒስ ብንመረምር፣ አብዛኛው ሐተታ በቃሉ ውበት፣ በግጥሙ አሰካክና በታሪኩ ምክር ላይ ያረፈ ሆኖ እናገኘዋለን። መጋረጃው ሲገለጥ ምን ታየ? መብራቱ በማን ላይ ወደቀ? ተዋናዩ የተቀመጠበት ወንበር የሀብታም ነው ወይስ የድኃ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ የሒስ ጉድለትና የትምህርታችን ጉድለት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ብለን እናምናለን።

ነገሩን ለመመርመር ድሬዳዋን የመረጥነው በከንቱ አይደለም። ከዋናው ከተማ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቆላ የተቀመጠች፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ የሚሰማባት ከተማ ናትና፣ የአዲስ አበባን አዳራሽ ብቻ እያሰበ የተዘጋጀ ትምህርት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመፈተን የተመቸች ናት።

ቃልን ማስቀደማችን ምክንያት አለው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው የመጡ ሊቅ ነበሩ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም የጦርነት ደመና ባንዣበበበት ሰዓት ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለመቀስቀስ የቆመ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ ተናጋሪው ከሕዝቡ ከፍ ብሎ የሚታይበት ቦታ ከተገኘ ይበቃል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ያሳዩት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሌላ መንገድ የከፈተ ነበር። (እኚህ ሰው የጨርጨር ገዥ ሆነው፣ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ መሆናቸውን የሐረርጌ ሰው አይዘነጋውም።) ድርሰቱ ሰው የሆነው ተዋናይ አውሬ መስሎ እንዲታይ ግድ ይላል። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይሰራጭ የተከለከለውም፣ እንደምንገምተው፣ ተመልካቹ ከአውሬው ቆዳ በስተኋላ ሹሙን ስላየው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትያትራችን ኃይሉን ያገኘው ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከአልባሳቱ ሐሳብም ጭምር ነበር ማለት ነው። ይህን መንገድ የተከተልነው በጥቂቱ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ፣ ደበበ እሸቱና ወጋየሁ ንጋቱ በሀንጋሪ ተምረው ተመለሱ፤ በ1970ዎቹ መግቢያ ላይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ክፍል ተቋቁሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና መንግሥቱ ለማ ደከሙበት። ከእነዚህ መካከል አንዱን የማያውቅ ተማሪ የለም። የመድረክ ንድፍ አውጪ ስም ጥራ ቢባል ግን ዝም የሚለው ብዙ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአለ ፈለገ ሰላም የተጀመረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የትያትሩ ትምህርት ቤት በኋላ ዘመን በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተጠራው ኮሌጅ ሥር መሰብሰባቸው መልካም ነገር ነው። የመድረክ ንድፍ በሁለቱ መካከል እንዳለ የድንበር እርሻ ነውና፣ ሁለቱም «የጎረቤቴ ነው» ብለው ጦም እንዳያሳድሩት ያሰጋል።

ይህ ጉዳት በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ «ያላቻ ጋብቻ»ን ምሳሌ እናድርግ። የመንግሥቱ ለማ ሰው ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ የተማረ፣ ነገር ግን ወደ ገጠር ወርዶ ሠራተኛውን ያገባ ነው። ቤቱ ራሱ ክርክሩ ነው፤ ከከተማ የመጣችው አክስት አፍዋን ሳትከፍት ዕቃውን አይታ ልትፈርድ ይገባል። ከመሥሪያ ቤት በውሰት የመጣ ሶፋ በመካከሉ ተጎልቶ ትያትሩ ቢታይ ግን፣ ተዋናዮቹ ቃሉን ምንም ያህል አሳምረው ቢናገሩ፣ ተመልካቹ የድህነቱን ምርጫ አያምንም። ይህን የሚያርመው የሚሊዮን ብር ወጪ ሳይሆን የሠለጠነ ዓይን ነው።

የሠለጠነ ዓይን ደግሞ ያለበትን አገር ያያል። የድሬዳዋ ሙቀት የተዋናዩን ገጽ ቅብ በግማሽ ሰዓት ያወርደዋልና፣ የደጋ ተማሪ የማይፈተንበት ፈተና ነው። የልብስ ጨርቅ የሚፈልግ ተማሪ ከቀፊራ ገበያ የሚሻል መምህር አያገኝም፤ ማን ምን ዓይነት ሽርጥ፣ ምን ዓይነት ሻሽ እንደሚለብስ ቆሞ ማየት ነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከደረሰ ጀምሮ ከተማዋን ያሳደገው የምድር ባቡር መጠገኛም፣ ብረት የሚበይዱና እንጨት የሚያስተካክሉ እጆችን አፍርቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ዋናውን ጉዞ ቢወስድም፣ ያ የእጅ ዕውቀት በከተማው ሰው ዘንድ ተወርሷል። ተሽከርካሪ መድረክን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የተማረ ወጣት፣ ሎኮሞቲቭ የጠገኑ አንድ አዛውንት ዘንድ አንድ ወር ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

ስለ ተዋናዩም እንዲሁ ነው። ትምህርቱ የአዲስ አበባን አነጋገር ብቻ ትክክለኛ አድርጎ ሲያስተምር፣ ተማሪው በመጋላና በከዚራ የሰማውን ዜማ ከአፉ ያስጥለዋል። በ1950ዎቹ በዚሁ ከተማ የተቋቋመው የአፍራን ቀሎ የኪነት ቡድን፣ እነ ዓሊ ቢራን ያፈራው፣ የማንም ኮሌጅ ደጅ ሳይረግጥ በኦሮምኛ ሕዝቡን ያነቃነቀ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ ደግሞ የሶማሌ ትያትር አለ። የሶማሊኛ ቋንቋ ይፋ ጽሕፈት ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ተዋንያን ግጥሙን በቃላቸው አጥንተው፣ ተራውን ንግግር በታሪኩ መሥመር እየተመሩ መድረክ ላይ ይፈጥሩት ነበር። ይህ ታላቅ ሥልጠና ነው። በድሬዳዋ የሚሰጥ የተዋናይነት ትምህርት የስታኒስላቭስኪን መንገድ ቢያስተምር መልካም ነው፤ በደጁ ያለውን ይህን ጥበብ ቢዘልለው ግን ነውር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ከተማው የራሱን ታሪክ በመድረክ ማየት ሲሻ ምን ያገኛል የሚለው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ፈጀ። ይህን ለመድረክ ለማብቃት የተነሣ ያልሠለጠነ አዘጋጅ የሚያደርገው ይታወቃል፤ በሰማያዊ ቀለም ማዕበል የተሣለበት አቡጀዲ ይሰቅላል፣ በፊቱም አንድ ሰው አቁሞ ረጅም ሙሾ ያስወርዳል። ስዊሳዊው አዶልፍ አፒያ፣ በጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ የተሣለ ሥዕል ሥጋ ካለው ተዋናይ ጋር እንደማይስማማ፣ መድረክን የሚያነቃውም ብርሃን እንደ ሆነ ካስተማረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የድሬዳዋ ልጅ ግን አፒያን ሳያነብም ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው አሸዋ፣ ሰው የሚሻገርበትና የሚነግድበት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ መድረኩ አሸዋ ይሁን። ነጋዴዎቹ ሸራቸውን ዘርግተው ሽንኩርትና ጫማ ይደርድሩበት፤ ይሳቁ፣ ይከራከሩ። ይምሽ፤ ይሂዱ። መብራቱ ወደ አንድ ፋኖስ ይነስ፤ ከሩቅ የድንጋይ መንከባለል ይሰማ፤ ያን ጊዜ በማይታይ ገመድ የታሰሩት ሸራዎች አንድ በአንድ ወደ ጨለማው ይጎተቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሸራ፣ አንድ መብራትና ዝም ማለትን የተማረ ተዋናይ ነው።

ዝም ማለት በትምህርት ዝርዝሩ ውስጥ የት እንዳለ ብንጠየቅ አናውቅም እንላለን! ንግግር ግን በየዓመቱ አለ።

አዳራሽ ያልተሟላለት ምሩቅ፣ የተማረው መጋረጃና ብዙ መብራት ላለው ቤት ብቻ ከሆነ፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ በበዓል ቀን የመድረክ አስተዋዋቂ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈተና በሌላ መልክ ቢሰጥ እንወዳለን። ተማሪዎቹ አንዱን ትያትር ሁለት ጊዜ ያሳዩ፤ መጀመሪያ በአዳራሽ፣ በሳምንቱ ደግሞ ፀሐይ ከበረደ በኋላ በከዚራ ዛፎች ሥር፣ ኤሌክትሪክ ሳይጠቀሙ። ከፈታኞቹም መካከል አንዱ የምድር ባቡር አናጢ፣ አንዷ ደግሞ የቀፊራ ጨርቅ ነጋዴ ይሁኑ፤ ነጥብም ይስጡ።